የብርድ ወራት መዝገብ፤ የእንግሊዝ የሰፈር ሐኪሞች ኢንፍሉዌንዛን እንደምን እንደቈጠሩ

በ1847 መገባደጃ (በዚህ ትረካ የሚነሣው ዓመት ሁሉ፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ኢንፍሉዌንዛ የለንደንን ሕዝብ በአልጋ ላይ ባጋደመበት ሰሞን፣ ከከተማው ሐኪሞች ሁሉ ይልቅ የነገሩን መጠን አጥርቶ ያየው፣ አንድም ሕሙም ሳይዳስስ በልደትና በሞት መዝገብ ቤት ተቀምጦ የሙታንን ዝርዝር ያጠናቅር የነበረው ዊልያም ፋር ነበር። ፋር ሕክምና የተማረ፣ ነገር ግን ዕድሜውን በቍጥር ምርምር ያሳለፈ ሰው ነበረና፣ በየሳምንቱ ከየአጥቢያው የሚደርሰውን ዝርዝር ሲያገላብጥ፣ የሞታቸው ምክንያት ኢንፍሉዌንዛ ተብሎ የተጻፈላቸው ሰዎች ጥቂቶች ሆነው ሳለ፣ በዚያው ሰሞን በሳንባ ምች፣ በሳልና በአስም ሞቱ የተባሉት ከልማዳቸው እጅግ በዝተው አገኛቸው። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በቀደሙት ዓመታት በእነዚያው ሳምንታት ስንት ሰው ይሞት እንደነበረ አስልቶ፣ ያንን ከዚህኛው ዓመት ሙታን ላይ ቀነሰ፤ ትርፍ ሆኖ የቀረውም ወደ 5,000 ነፍስ ደረሰ። ደዌው በራሱ ስም ከገደላቸው ይልቅ በሌላ ደዌ ስም የገደላቸው እንደሚበዙ በዚህ ስሌት ታወቀ፤ ስሌቱም በመሠረቱ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሆኖም የሙታን መዝገብ የማይሽር ጕድለት ነበረበት። ሞት ከሕመም በኋላ፣ ምዝገባም ከሞት በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ ወሬው ለመንግሥት ሲደርስ ወረርሽኙ እኩሌታውን መንገድ ሄዷል፤ ደግሞም ከብዙ ሕሙማን የሚሞቱት ጥቂቶች ናቸውና፣ ሳምንት ሙሉ ትኵሳት አንዘፍዝፎት፣ ዐጥንቱን ቈርጥሞት፣ በስምንተኛው ቀን ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ አይኖረውም። ከ1889 እስከ 1892 በየብርዱ ወራት እየተመላለሰ አውሮፓን ያዳረሰውና ብዙዎች የሩስያ ኢንፍሉዌንዛ ይሉት የነበረው ወረርሽኝ ሲመጣም፣ የእንግሊዝ መንግሥት የታመመውን ሰው ብዛት ለማወቅ ለየከተማው ሐኪሞች ደብዳቤ ከመጻፍና መልስ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረውም።

ከዚያ 1918 ደረሰ። በብሪታንያ ብቻ ወደ 228,000 የሚሆን ሕዝብ የፈጀው ያ መቅሠፍት በእኛም አገር በ1911 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ወር ገብቶ፣ የኅዳር በሽታ የሚለውን ስም ትቶልናል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው የዳኑበት፣ በአዲስ አበባ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ቤቱ ሁሉ የተዘጋበት ዘመን ነበር። በእኛ ዘንድ መዝገብ ስላልነበረ የሟቹን ብዛት የምናውቀው በግምትና በአረጋውያን አንደበት ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው መዝገብ ነበራቸው፤ ነገር ግን መዝገባቸው የሙታን እንጂ የሕሙማን ስላልነበረ፣ ስንቱ ታሞ እንደዳነ ለማወቅ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በጥቂት ከተሞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። በ1919 ኢንፍሉዌንዛ ያስከተለውን የሳንባ ምች ሐኪም ሁሉ ለባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ታዘዘ፤ ይህም ትእዛዝ ቢሆን የሚነካው ወደ ሞት የተቃረቡትን ብቻ ነበር።

የደዌው ምንጭ ራሱ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። ብዙ ሊቃውንት አንድ ባክቴርያ ነው ብለው ሲከራከሩ ከኖሩ በኋላ፣ በ1933 ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች ከሕሙም ጕሮሮ የታጠበውን ውሃ ባክቴርያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጥልለው፣ ፌሬት በሚባል ሽለምጥማጥ መሳይ እንስሳ አፍንጫ ቢያንጠባጥቡት፣ እንስሳው እንደ ሰው ያነጥስና ይተኵስ ጀመር፤ ቫይረስ መሆኑም ተረጋገጠ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ፌሬት ፊቱ ላይ አነጠሰበትና ታመመ፤ ሳይንስ ማስረጃውን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ ይቀበላል። በላቦራቶሪ ያለው ምስጢር በዚህ ተገለጠ እንበል። በላቦራቶሪ የተያዘው ቫይረስ ግን፣ በዚህ ሳምንት በየትኛው መንደር ስንት ሰው እንደታመመ አይናገርም፤ ያንን የሚያውቀው የሕሙሙን በር የሚያንኳኳው የሰፈር ሐኪም ብቻ ነው፤ እርሱም እስከዚያ ዘመን ድረስ የሚጠይቀው አልነበረም።

ከእነዚህ ያልተጠየቁ ሐኪሞች አንዱ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሺር፣ ዌንስሊዴል በሚባለው ሸለቆ ይኖር ነበር። ዊልያም ፒክልስ በ1885 ተወልዶ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አስቀድሞ ወደ ኤይስጋርዝ መንደር መጥቶ፣ በጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኀይል ካገለገለበት ዘመን በቀር ዕድሜውን ሁሉ በዚያው የጨረሰ ሰው ነው። በ1926 የጄምስ ማኬንዚን የልብ ሕመም መጽሐፍ አነበበ። ማኬንዚ ራሱ ከሰፈር ሐኪምነት ተነሥቶ በልብ ሕክምና ታላቅ ስም ያገኘ ሰው ነበርና፣ የደዌን መጀመሪያ ለማየት የታደለው የሆስፒታሉ ሊቅ ሳይሆን የሰፈሩ ሐኪም እንደሆነ ማስተማሩ ፒክልስን እጅግ ነካው። ከዚያም ወዲህ በሸለቆው የሚነሣውን ተላላፊ ደዌ ሁሉ፣ ቀኑን፣ መንደሩንና የሕሙሙን ስም ለይቶ መጻፍ ጀመረ፤ ለየደዌው የራሱን ቀለም መርጦ፣ በሰንጠረዥ ላይ በየቀኑና በየመንደሩ አንጻር ያኖር ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ይህን ሰንጠረዥ በመሙላት ቤተሰቡ ያግዘው ነበር።

ሸለቆው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሰዉ ጥቂት፣ መንደሮቹ የተራራቁ፣ ነዋሪው እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ስለሆነ፣ በለንደን ጎዳና ማን ከማን እንደተላለፈበት ሊታወቅ የማይቻለው ነገር፣ በዌንስሊዴል አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ይገለጥ ነበር፤ እገሌ በገበያ ቀን ከእገሌ ጋር ተገናኝቷል፣ እገሊት ከጎረቤት መንደር ሰርግ መጥታለች፣ የዚያ ልጅ አክስት ባቡር ጣቢያ ተቀብላዋለች እየተባለ ሰንሰለቱ እስከ ጫፉ ይዘረዘራል። በ1929 ዐይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ የጉበት ሕመም በሸለቆው ሲነሣ፣ ከ5,700 ነዋሪ 250 ያህሉ ታመመ። ፒክልስም ጠዋት በአልጋዋ ላይ የጎበኛት አንዲት የቤት ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ተነሥታ በመንደሩ የበዓል ጨዋታ ላይ መዋሏን ቈይቶ ተረዳና፣ በዚያ ቀን ከተገኙት ሰዎች ቀጥለው የታመሙትን ቀን በቀን በማስላት፣ ደዌው ከተላለፈበት ዕለት እስከሚታይበት ዕለት ከ26 እስከ 35 ቀን እንደሚወስድ አስታወቀ። የታላላቅ ሆስፒታሎች ሊቃውንት ያላገኙትን ነገር አንድ የገጠር ሐኪም በእርሳስና በወረቀት አገኘው። በ1939 በገጠር ሕክምና የወረርሽኝ ጥናትን የሚናገር መጽሐፉን ሲያሳትም፣ የዘመኑ የቍጥር ሊቅ ሜጀር ግሪንውድ መቅድም ጻፈለት።

ፒክልስን በሚያመሰግኑ ጽሑፎች ዘንድ ይህ የጉበት ሕመም ታሪክ ደጋግሞ ይነሣል፤ ይገባዋልም። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ትሩፋቱ ምንም ነገር ባልተነሣበት ሳምንት ሰንጠረዡን አለመተዉ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ የሚጽፍ ሐኪም በየዘመኑ ይገኛል፤ ሰላም በሆነ ጊዜ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ያለዚያ ባዶ ዓምድ ደግሞ የበዛው በምን እንደበዛ፣ ያነሰውም ከምን እንዳነሰ ሊለካ አይችልም።

በሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በብሪታንያ ሲቋቋም፣ የመንግሥቱ ዐሳብ ሕዝቡን ያለ ክፍያ ማሳከም ነበር፤ ሳይታሰብ ግን ለወረርሽኝ ጥናት ትልቅ ሀብት ተገኘበት። እያንዳንዱ ሰው በአንድ የሰፈር ሐኪም ዘንድ በስሙ እንዲመዘገብ ስለተደረገ፣ እያንዳንዱ ሐኪም የሚጠብቃቸው ነፍሳት ስንት እንደሆኑ፣ ስንቱ ሕፃን ስንቱ ሽማግሌ እንደሆነ የታወቀ ሆነ። ስለዚህም አንድ ሐኪም በዚህ ሳምንት ዐሥር የኢንፍሉዌንዛ ሕሙማን አየሁ ባለ ጊዜ፣ ከስንቱ ውስጥ ተብሎ ቢጠየቅ ከመዝገቡ አውጥቶ ይመልሳል። ለቍጥር ሊቃውንት ይህ መልስ ከዐሥሩ ሕሙማን ይልቅ ውድ ነው።

በኅዳር ወር 1952 የሰፈር ሐኪሞች የራሳቸውን ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ፒክልስም በ1953 የመጀመሪያው ፕሬዚደንት ሆኖ ተመረጠ። ኮሌጁ ገና በጨቅላነቱ የሰንጠረዡን ሥራ ወደ አገር ሁሉ ለማስፋት ዐሰበ፤ በሰሪ አውራጃ በፒስሌክ መንደር የሚሠራው ኢያን ዋትሰን፣ ከየአቅጣጫው ሐኪሞች ያዩትን ተላላፊ ደዌ የሚሰበስብ የወረርሽኝ መመልከቻ ክፍል አቋቋመ። በበርሚንግሃምም ዶናልድ ክሮምቢና ሮቢን ፒንሰንት የመዝገብና የቍጥር ክፍል መሠረቱ። ይህ የሆነው በ1957 ነበር፤ ዓመቱም ያለ ፈተና አላለፈም።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ በቻይና የተነሣው አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ዘር በሚያዝያ ሆንግ ኮንግን አጥለቅልቆ፣ በበጋው ብሪታንያ ደርሶ፣ በመስከረም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ እንደ ሰደድ እሳት ተቀጣጠለ። ከለንደን በስተ ደቡብ በቤከንሃም ይሠራ የነበረው ጆን ፍራይ የተባለው የሰፈር ሐኪም በራሱ መዝገብ ውስጥ ያለውን ሕሙም ሁሉ በዕድሜና በቤተሰብ ለይቶ ጻፈ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት ላይ አወጣው። እርሱን የመሰሉ ትጉሃን በየቦታው ነበሩ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ በራሱ ሥርዐት ይጽፍ ስለነበረ፣ አንዱ ኢንፍሉዌንዛ ያለውን ሌላው ብርድ፣ ሦስተኛው የመተንፈሻ ሕመም ይለው ነበር፤ ሲደመሩም ድምሩ ትርጕም አልነበረውም። የበርሚንግሃም ሰዎች ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የተጨነቁበት ነገር ይህ ነበር።

መድኀኒቱን ያገኙት በአንድ ተራ ነገር ነው። አይመርል የተባለ ሐኪም ያሰናዳውና ቅጠሉ የሚወጣና የሚገባ መዝገብ ለየደዌው አንድ ገጽ ይሰጥ ነበርና፣ ሐኪሙ ከሕሙሙ ጋር ተነጋግሮ ሲጨርስ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑንና ዕለቱን በደዌው ገጽ ላይ ያኖራል፤ ሕሙሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነም ለዚያው ሕመም ከተመላለሰው ይለያል። ይህ የመጨረሻው ምልክት ተራ ነገር ቢመስልም የሥራው ዐምድ ነበር፤ ያለ እርሱ ሦስት ጊዜ የተመላለሰ አንድ ሰው ሦስት ሕሙም ሆኖ ይቈጠራልና። በሳምንቱ ፍጻሜ የየገጹ ድምር በዕድሜ ተለይቶ በፖስታ ወደ በርሚንግሃም ይላካል፤ በዚያም በተመዝጋቢው ሕዝብ ብዛት ተካፍሎ፣ ከ100,000 ሰው ስንቱ በዚያ ሳምንት በኢንፍሉዌንዛ እንደታመመ ይወጣል። ከ1967 ጀምሮ ይህ ሳምንታዊ መዝገብ ሳይቋረጥ ዘለቀ።

መዝገቡን የሚልኩት ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ጥቂቶች ነበሩ፤ ፈቃደኞችም ነበሩ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የብርዱ ወራት ሕሙማን በር ላይ ተሰልፈው ሳሉ፣ ገጽ ፈልገው ይጽፉ ነበር። ደግሞም የሚጽፉት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን ዐይናቸውና ጆሯቸው የነገራቸውን ነው፤ ድንገት የሚነሣ ትኵሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የጡንቻና የራስ ሕመም። አንዱ ሐኪም ይህን ስም በልግስና፣ ሌላው በቍጠባ ይሰጥ ነበር። ክሮምቢና ባልደረቦቹ ግን እያንዳንዱ ሐኪም ከዓመት ወደ ዓመት በራሱ ልማድ ከጸና የልግስናውና የቍጠባው ልዩነት ጕዳት እንደሌለው፣ የሚፈለገውም የቍጥሩ መውጣትና መውረድ እንደሆነ ተረዱ፤ ይህ መረዳት የቅኝቱን ሥራ ሁሉ የተሸከመው ምሰሶ ነው።

ፈተናውም ብዙ አልቈየም። በ1968 አዲስ ዘር ከሆንግ ኮንግ ተነሣ፤ በአሜሪካ በዚያው ዓመት ብርድ ወራት ብዙ ሲገድል በብሪታንያ ግን ቀለል ብሎ አለፈ፤ ሕዝቡም ተረፍን ብሎ ተዝናና። በ1969 መጨረሻ ከገና በፊት የበርሚንግሃም ቍጥር ድንገት መውጣት ጀመረ፤ የዚያም ብርድ ወራት ጫፍ በመዝገቡ የመጀመሪያ ዘመናት ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ሆነ። በዚህ ጊዜ መንግሥት የሙታንን ዝርዝር ሳይጠብቅ፣ በሽታው በመውጣት ላይ ሳለ ያየበት መነጽር ነበረው።

በዚሁ ዘመን በሳይረንሴስተር ከተማ ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የሚባል ሌላ ሐኪም ነበር፤ እርሱን ሳያነሡ ማለፍ በታሪክ ላይ ግፍ ነው። የፒክልስን ሥራ አንብቦ ልቡ የተነሣሣው ይህ ሰው በራሱ ክሊኒክ የምርምር ክፍል አቋቁሞ፣ የጉድፍ በሽታ ከዳነ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቈይቶ በእርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ እንደሚመለስ በ1965 ባሳተመው ጥናቱ ያስረዳ ነው። ከዚያ ወደ ኢንፍሉዌንዛ ተመለሰና፣ ከሕሙማኑ ቤት ለቤት ናሙና እየወሰደ፣ ቀንና ቤተሰብ እየመዘገበ፣ ደዌው በአንድ ቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ የተባለውን ያህል አይታይም፣ ይልቁንም በሰው ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ወራቱ ሲደርስ የሚነሣ ይመስላል ብሎ ተከራከረ፤ ይህንንም በ1992 በመጽሐፍ አወጣው። የዘመኑ ሊቃውንት ዐሳቡን አልተቀበሉትም፤ እኔም የሚቀበሉት አይመስለኝም። ኢንፍሉዌንዛ በብርድ ወራት ለምን እንደሚበረታ ግን እርሱ ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ሊቃውንቱን እንደ ያዘ ነው፤ የጻፋቸው መዝገቦችም ከዐሳቡ ተለይተው ቀርተው ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይመለከቷቸዋል።

የሌሎች አገሮች ነገር ባጭሩ ይበቃል። ሆላንዶች በ1970 የራሳቸውን የሐኪሞች ቅኝት ጀመሩ፤ በፈረንሣይ በ1984 አላን ዣክ ቫልሮን ሐኪሞች ሚኒቴል በሚባለው የስልክ መስኮት ቍጥራቸውን በየሳምንቱ እንዲልኩ አደረገ፤ ይህም ኢንተርኔት ለሕዝብ ሳይደርስ በፊት ነው። በ1996 የአውሮፓ አገሮች የኢንፍሉዌንዛ ቅኝታቸውን በአንድ ማኅበር አቀናጁት።

ወደ እንግሊዝ እንመለስና፣ ዳግላስ ፍሌሚንግ የበርሚንግሃምን ክፍል በሚመራበት ዘመን፣ በ1989 ኅዳርና ታኅሣሥ የተነሣው ወረርሽኝ ከ20,000 በላይ ሰው ገደለ፤ የቍጥሩ መውጣት አስቀድሞ ቢታይም ሁሉ ነገር ግልጽ አልሆነም። ሐኪሙ ኢንፍሉዌንዛ ያለው ሁሉ በእርግጥ ኢንፍሉዌንዛ ነውን? የሚለው አሮጌ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በ1992 ከሐኪሞቹ የተወሰኑት ከሕሙማን አፍንጫና ጕሮሮ በጥጥ ናሙና ወስደው በፖስታ ወደ ላቦራቶሪ እንዲልኩ ተደረገ፤ ስለዚህም ከስልሳ ዓመት በፊት በፌሬት የተጀመረው የላቦራቶሪ መንገድና በፒክልስ ሰንጠረዥ የተጀመረው የክሊኒክ መንገድ በአንድ ፖስታ ውስጥ ተገናኙ። ከ1995 እስከ 1998 በነበሩት ሦስት የብርድ ወራት የተሰበሰበው ናሙና በ2001 ተመርምሮ ሲታተም፣ ኢንፍሉዌንዛ የተገኘበት ሲሶው ያህል ብቻ ሆነ፤ አንድ አምስተኛ ያህሉ ሕፃናትን ብቻ ያጠቃል ይባል የነበረ ሌላ የመተንፈሻ ቫይረስ ሲሆን፣ በአዋቂዎችም ላይ ተገኘ። ሐኪሞቹ ተሳሳቱ ማለት አይደለም፤ ሕሙሙ በር ላይ ሲቆም ቫይረሱ ስሙን አይናገርምና።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከምክር ቤትና ከጋዜጣ ነበር። በ1999 ታኅሣሥና በ2000 ጥር የብሪታንያ ሆስፒታሎች በሕሙማን ተጨናንቀው አልጋ ጠፋ፤ የጤና ሹማምንት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው አሉ። በበርሚንግሃም መዝገብ ሥርዐት መሠረት ግን ወረርሽኝ ለመባል ከ100,000 ሰው 400 መድረስ ነበረበት፤ የዚያ ሰሞን ቍጥር ደግሞ ወደ 200 ሲቃረብ ታየ። ተቃዋሚዎች መንግሥት የሆስፒታል እጥረቱን በደዌ ስም ሸፈነ ብለው ከሰሱ፤ መዝገቡም ምስክር ሆኖ ቀረበ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን መዝገቡን ከሚችለው በላይ አናገሩት። 400 የሚለው ወሰን የወጣው ሕዝቡ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ወደ ሐኪም በሚሮጥበት ዘመን ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰው በቤቱ ሆኖ መታገሥ ለምዷል፤ በ1998 በስልክ ምክር የሚሰጥ አገልግሎትም ተከፍቷል፤ የገናና የአዲሱ ዓመት በዓልም ክሊኒኮችን ዘግቶ ነበር። ቆይቶ የወረርሽኙ ወሰን ወደ 200፣ የጸጥታው ዘመን ወሰንም ወደ 30 ዝቅ ተደረገ። ሌላም ነገር ተከተለ፤ እስከዚያ ድረስ ከ75 ዓመት በላይ ላሉ ይሰጥ የነበረው ክትባት በ2000 ከ65 ዓመት ጀምሮ ላሉት ሁሉ ተፈቀደ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መዝገቡ በራሱ መንግሥት እጅ ሊጋረድ ደረሰ። በ2009 ጸደይ በሜክሲኮ የታየው አዲስ ኢንፍሉዌንዛ በሐምሌ ወር በእንግሊዝ ክሊኒኮች ሲበረታ፣ ሐኪሞች በሕሙማን ብዛት እንዳይዋጡ በሐምሌ 23 ቀን በስልክና በኢንተርኔት የሚሠራ ብሔራዊ አገልግሎት ተከፈተ፤ የታመመ ሰው ሐኪም ሳያየው፣ ለጥያቄዎች መልስ ሰጥቶ፣ የመድኀኒት ፈቃድ ቍጥር ተቀብሎ፣ ወዳጁን ልኮ መድኀኒቱን ያስመጣል። ለሕሙሙ ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ለመዝገቡ ግን ወንዙን ከቦዩ እንደ ማዞር ሆነ፤ የክሊኒኩ ቍጥር ወረደ፤ ደዌው ስለቀነሰ ይሁን ሕሙማኑ በሌላ በር ስለሄዱ ወዲያው መለየት አልተቻለም። ይህ አገልግሎት በእንግሊዝ ብቻ ስለተከፈተ፣ ሕሙማኑ እንደ ወትሮው ወደ ሐኪም የሚሄዱባቸው የስኮትላንድና የዌልስ ቅኝቶች ለማነጻጸሪያ ጠቀሙ።

በዚያው ሰሞን፣ ከ2008 ጀምሮ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም በአዲስ አበባ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና በየካቲት 12 ሆስፒታል የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ጀመረ። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው በስሙ ለአንድ ጤና ጣቢያ ስላልተመደበ፣ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ሊታከም ስለሚችል፣ ከ100,000 ሰው ስንቱ ታመመ የሚለውን ማስላት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ከተወሰደው ናሙና ስንት እጁ ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ተገኘ የሚለው ነው። እንግሊዞች በ1948 ያለ ሐሳብ ያገኙት የተመዝጋቢ መዝገብ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ የሚታወቀው በሌለበት አገር ቅኝት ሲቋቋም ነው።

በ2015 የእንግሊዝ መዝገብ ከበርሚንግሃም ወደ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ፣ በሳይመን ዴ ሉሲኛን መሪነት ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። ቅጠል የሚለወጥበት መዝገብ ከቀረ ቈይቷል፤ ሐኪሙ በኮምፒዩተር የጻፈው ቃል ራሱ ተለቅሞ ይቈጠራል። በ2020 መጀመሪያ ኮቪድ 19 ሲነሣ ኢንፍሉዌንዛ የሚቈጥሩት ክሊኒኮች ያንኑም እንዲቈጥሩ ታዘዙ፤ ብዛታቸውም ከ500 በላይ ሆነ። ነገር ግን ሕዝቡ ሳል ያለበት ሁሉ ወደ ክሊኒክ እንዳይመጣ ስለተነገረው፣ የ2009 ፈተና በሰፊው ተመልሶ መጣ፤ ናሙና በቤት ተወስዶ በፖስታ እንዲላክ ማድረግም ግድ ሆነ።

በ2020 መገባደጃና በ2021 መግቢያ የብርድ ወራት መዝገቡ ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ ነገር ታየ፤ የኢንፍሉዌንዛ ዓምድ ባዶ ሆኖ ቀረ። ቤት በመዘጋቱ፣ መንገድ በመቋረጡና ፊት በመሸፈኑ ቫይረሱ የሚሄድበት አጣ። ይህ ባዶነት እውነተኛ መሆኑ፣ ሐኪሞች ስለተዘናጉ እንዳልሆነ የተረጋገጠው፣ ናሙና መውሰድ ሳይቋረጥ ስለቀጠለና ቢመረመርም ኢንፍሉዌንዛ ስላልተገኘበት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎቹ ዘሮች ሲመለሱ፣ ከኢንፍሉዌንዛ ቢ ሁለት ሐረጎች አንዱ፣ ያማጋታ የሚባለው፣ በየትኛውም አገር አልታየም፤ የመጨረሻው የተረጋገጠ ናሙና የመጋቢት 2020 ነበር። ከክሊኒኮች የሚሰበሰበው ናሙና ከየአገሩ ላቦራቶሪ አልፎ ወደ ዓለም አቀፍ ማእከሎች ይደርሳል፤ ከእነዚህም አንዱ በ1933 ቫይረሱን ካገኙት አንዱ በሆነው በአንድሩስ ዘመን ተመሥርቶ አሁን በለንደን ፍራንሲስ ክሪክ ኢንስቲትዩት የሚገኘው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲትና በመስከረም የሚሰበስበው የሊቃውንት ጉባኤም በመስከረም 2023 ያማጋታ ከክትባት እንዲወጣ መከረ፤ ከ2024 ጀምሮም በብዙ አገሮች የሚዘጋጀው ክትባት ከአራት ዘር ወደ ሦስት ተመለሰ።